ደብዳቤም አባትና አያት አለው

በአገራችን ልማድ ሰው በራሱ ስም ብቻ አይታወቅም፤ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተለዋል። ጋብቻ ሲታሰብም ሽማግሌዎች ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። በኮምፒዩተርና በስልክ የምንጻጻፈው ኢሜይልም ይህን በመሰለ ሥርዓት እንደሚመራ የተረዳሁት ከተቸገርሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስንመዘገብ የአያቴ ስም ተሳስቶ ተጻፈ። ከአረርቲ ተነሥቶ በአካል መሄድ ወጪ ስለሆነብኝ ለሚመለከተው ክፍል በኢሜይል አመለከትሁ። «የልደት ማስረጃህን ላክ» የሚል መልስ መጣልኝ። እኔም «መልስ» የሚለውን ትቼ አዲስ መልእክት ከፍቼ ላክሁ። በሳምንቱ «ማስረጃህን አላገኘነውም» ስባል ደግሜ ሌላ አዲስ መልእክት ጻፍሁ። የማረሚያው ቀንም ሊያልፍ ተቃረበ። ኋላ የኮምፒዩተር መምህራችን አይተው፦ «አየህ፥ የላክኸው ሁሉ ደርሷል፤ ግን እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሆኖ ነው የደረሰው» አሉኝ።

ከእርሳቸው የተማርሁትን ለአንባቢ ላካፍል። ማንኛውም ኢሜይል በተለምዶ የማናየው ራስጌ አለው። በዚያም ለጉዳያችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው «ሜሴጅ አይዲ» የመልእክቱ የራሱ ስም ነው፤ ሞክሼ እንዳይኖረው ተደርጎ ይሰጠዋል። ሁለተኛው «ኢን ሪፕላይ ቱ» የአባቱ ስም፥ ማለትም መልስ የተሰጠበት መልእክት መለያ ነው። ሦስተኛው «ሬፈረንስስ» ከመጀመሪያው አያት እስከ አባት ያሉትን በተራ የሚቈጥር የዘር ሐረግ ነው። የእነዚህ ስም እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የኢሜይል ደንብ ውስጥ ይገኛል፤ ሐረጉ እንዴት እንደሚቈጠርም በ2001 የወጣው ደንብ በዝርዝር ወስኗል።

እንግዲህ «መልስ» የሚለውን ስንጫን አባትና አያት በራሳቸው ይጻፋሉ፤ ተቀባዩም የተያያዘውን ሁሉ በአንድነት ያያል። ከመካከል አንዱ መልእክት ቢሰረዝ እንኳ አያቱ ስለሚታወቅ የልጅ ልጁ ከዘመዶቹ አይለይም። አዲስ መልእክት ስንከፍት ግን ሐረጉ ባዶ ስለሚሆን መልእክቱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

አንዳንድ ሥርዓቶች ሐረግ የሌለውን መልእክት በርእሱ ይመድቡታል። ይህ መንገድ ግን ያሳስታል፤ «ስለ ስም ማስተካከያ» ብለው የጻፉ ሁለት ተማሪዎች ሊደባለቁ ይችላሉና። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ጂሜይልም መልሶችን አሰባስቦ ያሳያል፤ ሆኖም ርእሱ ከተለወጠ ወይም መልእክቶቹ ከ100 ካለፉ አዲስ ምድብ ይከፍታል። እዚህ ላይ አማርኛ ጸሓፊ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። «ስም» እና «ሥም» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን «ስ» እና «ሥ» ልዩ ልዩ ፊደላት ስለሆኑ፥ ርእስ ለሚያነጻጽር ሥርዓት ሁለት ርእሶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ ሲጻፍ የቀድሞው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን የሚጠቀሰው መዝገብ ቤቱ አዲሱን ከነባሩ ፋይል ጋር እንዲያያይዘው ነው። ቁጥሩ ያልተጠቀሰ ደብዳቤ ይጠፋል ማለት ባይሆንም፥ ፋይሉን የሚያገላብጠው ሠራተኛ አያገኘውም።

እኔም ወደ መጀመሪያው መልስ ተመልሼ፥ ርእሱን ሳልነካ፥ «መልስ» ብዬ ማስረጃውን አያያዝሁ። ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው የአያቴ ስም ታረመ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከእንግዲህ ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለሥራ ብዙ እንጻጻፋለንና፥ አንዱን ጉዳይ በአንድ ሐረግ እንያዝ፤ ለአዲስ ጉዳይ ደግሞ አዲስ መልእክት እንክፈት። በአሮጌ መልስ ላይ አዲስ ነገር መቀጠልም ያንኑ ያህል ያሳስታልና።