የራም ዲስክ ምንጭ ኮድ

ራም ዲስክ ከኮምፒውተር ዋና ማህደረ ትውስታ ወይም ራም ላይ የተወሰነውን ክፍል ወስዶ እንደ ዲስክ እንዲያገለግል የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ከተራ ዲስክ እጅግ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የስርዓተ ክወናን አሠራር ከምንጭ ኮድ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። የእውነተኛ ዲስክ ድራይቨር ኮድ አብዛኛው ስለ ሃርድዌሩ ጠባይ ነው፤ ራም ዲስክ ግን የራሱ ሃርድዌር ስለሌለው የሚቀረው የድራይቨሩ መሠረታዊ ሥራ ብቻ ነው።

ኮዱ የሚገኝበት ቦታ

ለጀማሪ የሚመቸው የሊኑክስ ከርነል «ቢአርዲ» የተባለው ድራይቨር ነው። ኒክ ፒጊን እ.ኤ.አ. በ2007 የጻፈው ሲሆን፣ በከርነሉ ምንጭ ኮድ «ድራይቨርስ» በተባለው ማውጫ፣ «ብሎክ» በሚለው ንዑስ ማውጫ ሥር በአንድ የሲ ፋይል ይገኛል። ርዝመቱ ጥቂት መቶ መስመር ብቻ ነው። ከርነሉ በጂፒኤል ፈቃድ ሁለተኛ ዕትም ስለሚሰራጭ ማንም አውርዶ ሊያነበውና ሊለውጠው ይችላል። የድሮውን አሠራር ማየት የሚሻ ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው የኤምኤስ ዶስ 4 ምንጭ ኮድ ውስጥ በአሴምብሊ የተጻፈውን «ራምድራይቭ» ያገኛል፤ ንባቡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኮዱ እንዴት ይሠራል?

ዲስክ የሚቆጠረው በ512 ባይት ሴክተር ሲሆን፣ ማህደረ ትውስታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ4096 ባይት ገጽ ይከፈላል። ስለዚህ አንድ ገጽ 8 ሴክተር ይይዛል። ሴክተር 1003 ሲጠየቅ ድራይቨሩ ቁጥሩን ለ8 ያካፍላል፦ ድርሻው 125 የገጹ ቁጥር ነው፤ ቀሪው 3 ደግሞ ከገጹ መጀመሪያ 1536 ባይት መዝለል እንደሚያስፈልግ ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከማህደረ ትውስታ ወደ ማህደረ ትውስታ መቅዳት ብቻ ነው።

ገጾቹ አስቀድመው አይያዙም። አንድ ገጽ የሚያዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍበት ነው፤ ያልተጻፈበት ቦታ ሲነበብ ዜሮ ይመለሳል። አዲስ የተያዘው ገጽም በዜሮ ይሞላል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ሌላ ፕሮግራም ትቶት የሄደው መረጃ፣ ምናልባትም የይለፍ ቃል፣ ሊነበብ ይችል ነበር።

አንባቢው ሊያተኩርበት የሚገባው ሌላ ነጥብ ገጽ ሲጠየቅ «ኖ አይኦ» የሚል ምልክት መኖሩ ነው። ማህደረ ትውስታ ሲያጥር ከርነሉ ቦታ ለማስለቀቅ መረጃ ወደ ዲስክ ይጽፋል። የሚጻፍበት ዲስክ ራሱ ራም ዲስኩ ቢሆን ግን ድራይቨሩ ራሱን ይጠብቃል፤ ማሽኑም ሊቆም ይችላል። ምልክቱ ይህን ይከለክላል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገባው ኮዱን ለውጦ በመሞከር ነው፤ ሙከራው ግን በምናባዊ ማሽን ውስጥ ይሁን፤ የከርነል ስህተት መላውን ኮምፒውተር ያቆማልና።

ከቢአርዲ ቀጥሎ «ራምኤፍኤስ» እና «ቴምፒኤፍኤስ» ቢነበቡ ይጠቅማል። እነዚህ ዲስክን ሳያስመስሉ ፋይሎችን በቀጥታ በራም ያስቀምጣሉ። ራምኤፍኤስ የመጠን ገደብ ስለሌለው ራሙን ሁሉ ሊሞላ ይችላል፤ ቴምፒኤፍኤስ ግን ገደብ አለው፣ ሲያስፈልግም ወደ ስዋፕ ይወጣል።