ሽቅብም ቁልቁልም የሚያገለግል የተራራ ስኪ እንዴት ይመረጣል?

እ.ኤ.አ በ2006 በጣሊያን ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከአራት ዓመታት በኋላም በካናዳ ቫንኩቨር ሀገሩን ወክሏል። የተወዳደረበት ዘርፍ የሀገር አቋራጭ ስኪ ሲሆን፣ ስኪው ቀጭንና ቀላል፣ አስቀድሞ በተስተካከለ መንገድ ላይ ለመገስገስ የተሠራ ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ዘርፍም አለ። ተራራውን በራስ ጉልበት ወጥቶ፣ ማንም ባላስተካከለው በረዶ ላይ ተንሸራቶ መውረድ የሚጠይቀው የተራራ ስኪ ነው። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ በ2021 ባሳለፈው ውሳኔ ይህ ስፖርት በ2026ቱ የሚላኖ ኮርቲና የክረምት ኦሊምፒክ መርሐ ግብር ውስጥ ተካትቷል። ይሁን እንጂ ስፖርቱን የሚያዘወትሩት አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ሳይሆኑ በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በጣሊያን የአልፕስ ተራሮች፣ በኖርዌይና በሰሜን አሜሪካ የሚጓዙ ተራራ ወዳዶች ናቸው። በኦስሎ፣ በዙሪክ ወይም በዴንቨር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም እነዚህ በረዷማ ተራሮች ሩቅ አይደሉም።

በመዝናኛ ስፍራዎች ሰው በገመድ መኪና ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚወርድበት መንገድ በማሽን ይደለደላል፤ ቢጎዳም የነፍስ አድን ሠራተኞች በቅርብ ይገኛሉ። በተራራ ስኪ ግን እነዚህ ሁሉ የሉም። በመሆኑም ያልተስማማ ስኪ መግዛት የሚያስከትለው ኪሳራ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የከበደው ሰው ይዘገያል፤ የዘገየውም የከሰዓት ፀሐይ በረዶውን ባላላበትና የናዳ አደጋ በሚጨምርበት ሰዓት፣ በዛለ ጉልበት ይወርዳል።

ስኪ ሽቅብ የሚወጣው እንዴት ነው?

በስኪ ተራራ ለመውጣት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው በስኪው ሥር የሚለጠፍ ቆዳ ነው። የፍየል ቆዳን ጸጉር ወደ ተኛበት አቅጣጫ የዳሰሰ ሰው እጁ ሲንሸራተት፣ ወደ ተቃራኒው ሲመልሰው ደግሞ ሲይዘው ያስተውላል። የስኪ ቆዳ የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን አያስመልስም። በቀድሞ ጊዜ ከባሕር እንስሳ ቆዳ ይዘጋጅ ነበር። ዛሬ ግን ከአንጎራ ፍየል ጸጉር፣ ከናይለን ወይም ከሁለቱ ቅይጥ ይሠራል። የፍየሉ ጸጉር በተሻለ ይንሸራተታል፤ ናይለኑ ደግሞ በተሻለ ይይዛል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ቆዳው የስኪውን ሥር ሸፍኖ የግራና የቀኙን የብረት ጠርዝ ብቻ ክፍት መተው አለበት።

ሁለተኛው ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ነው። ሲወጡ ተረከዝ ከስኪው ላይ ይነሣል፤ ሲወርዱ ደግሞ ይቆለፋል። ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርትል እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ የፈጠረው ማሰሪያ የጫማውን ጫፍ በሁለት ትናንሽ የብረት ሹሎች ብቻ ስለሚይዝ የመሣሪያውን ክብደት እጅግ ቀንሶታል። አሁን በስፋት የሚሠራበትም ይኸው ዓይነት ነው። ጫማው ለሹሎቹ የሚሆኑ ቀዳዳዎች ከሌሉት በዚህ ማሰሪያ መጠቀም አይቻልም።

ክብደት

በእግር ላይ የሚጨመር ክብደት በጀርባ ከሚሸከሙት ይልቅ ያደክማል። አንድ ሰው 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጠመዝማዛ መንገድ ቢከተል፣ በ70 ሴንቲ ሜትር እርምጃ 7 ሺህ ያህል ጊዜ ይራመዳል። ይህም ለእያንዳንዱ እግር 3 ሺህ 500 እርምጃ ነው። ስኪው ከሌላው አማራጭ በ300 ግራም ቢከብድ፣ እያንዳንዱ እግር እስከ ጫፍ ድረስ በድምሩ ከ1 ቶን በላይ ትርፍ ክብደት ወደ ፊት ገፍቷል ማለት ነው።

ታዲያ ከሁሉም የቀለለውን ለምን አይገዙም? እጅግ ቀላል ስኪ በሻካራና በተሰባበረ በረዶ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አቅጣጫውንም በቀላሉ ይስታል። ለውድድር የተሠራው ሲወጣ የሚያስደስተውን ያህል ሲወርድ ብርቱ ችሎታ ይጠይቃል። ለብዙ ሰው የሚስማማው መካከለኛው ነው፤ ይኸውም አንዱ ስኪ ያለ ማሰሪያው ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው።

ስፋት

የስኪ ስፋት የሚለካው ከእግር ሥር ባለው ጠባብ ክፍል፣ ማለትም በወገቡ ላይ ነው። ስፋቱም ስኪው ለምን ዓይነት በረዶ እንደተዘጋጀ ይናገራል። ወገቡ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር የሆነው ለረጅም ጉዞ፣ ለጠጣር በረዶና ለፀደይ ወራት ይመረጣል። ከ90 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ያለው ለተለያየ የበረዶ ዓይነት ይሆናል። ከ100 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ደግሞ ገና በወረደ ጥልቅና ለስላሳ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል።

ሰፊው ስኪ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ይከብዳል፤ ሰፊ ቆዳም ይፈልጋል። ጎን ለጎን በሚያስሄድ ጠጣር ተዳፋት ላይ ደግሞ ጠርዙ ከእግሩ መሐል ስለሚርቅ በረዶውን ነክሶ ለመያዝ ቁርጭምጭሚትን ያስጨንቃል። በማለዳ እንደ ድንጋይ በጠጠረ ተዳፋት ላይ ይህ የምቾት ሳይሆን የመውደቅና ያለመውደቅ ጉዳይ ነው።

ርዝመትና ቅርጽ

የተለመደው መነሻ፣ ስኪው ቆሞ ሲታይ በባለቤቱ አገጭና ግንባር መካከል እንዲደርስ ነው። አጭሩ ይቀላል፤ በቁልቁለታማ ስፍራ እግርን አዙሮ አቅጣጫ ለመቀየርም ያመቻል። ረጅሙ በፍጥነት ሲወርዱ ይረጋጋል፤ በለስላሳ በረዶም አይሰምጥም። ከፍ ብሎ የተቀለበሰ ፊት ያለው ስኪ በጥልቅ በረዶ ላይ ለመዞር ይቀላል። ነገር ግን ከበረዶው ጋር የሚነካካው ርዝመት ስለሚያንስ በጠጣር ስፍራ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

ጫማ ይቅደም

ጀማሪዎች አስቀድመው ስኪ፣ በመጨረሻም በተረፈው ገንዘብ ጫማ ይገዛሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ተቃራኒው ነው። እግርን የሚልጥ ጫማ ጉዞን ያስቋርጣል። ለስላሳ ቀላል ጫማ ሰፊና ከባድ ስኪን ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ ጫማው ከእግር ጋር፣ ስኪው ደግሞ ከጫማው ጋር ይመጣጠናል። ማሰሪያው ሰው ሲወድቅ ጫማውን የሚለቅበት ኃይልም በባለቤቱ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ችሎታና በጫማው ርዝመት ተለክቶ በባለሙያ ይስተካከላል።

አንድ ጉዞ ለምሳሌ

ከፈረንሳይ ሻሞኒ ተነሥቶ ስዊዘርላንድ ዘርማት የሚደርሰው የአልፕስ የስኪ ጉዞ በመላው ዓለም ይታወቃል። ጉዞው ስድስትና ሰባት ቀናት ይወስዳል፤ ተጓዡም በተራራ ማረፊያ ቤቶች ያድራል። በተለመደው መንገድ ከሚወጡት ጫፎች አንዱ የሆነው ፒኝ ዳሮላ 3 ሺህ 790 ሜትር ነው። ከራስ ደጀን ቢያንስም ዙሪያው በግግር በረዶ የተሸፈነ ነው።

ጉዞው በብዛት የሚደረገው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ማለዳ በረዶው ይጠጥራል፤ ቀትር ላይ ይላላል፤ ጥላ ባለበት ደግሞ ለስላሳው ይቆያል። ተጓዡ ይህን ሁሉ በአንድ ጥንድ ስኪ ማለፍ ስላለበት ወገቡ 85 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ መካከለኛ ክብደት ያለው፣ ከቁመቱ ጥቂት የሚያጥር ስኪ ይስማማዋል። በጠጣሩ አቀበት ቆዳው ብቻውን ስለማይበቃ ከማሰሪያው ጋር የሚገጠም ባለ ጥርስ ብረት ይያዛል። ይህም ብረት በስኪው ወገብ ልክ ካልተመረጠ አይገባም።

በአንጻሩ በጃፓን ሆካይዶ ደሴት ክረምቱን ሙሉ ለስላሳ በረዶ ሲወርድ ለሚሰነብትበት ስፍራ ይኸው ስኪ ይጠብባል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ቀዳሚው ጥያቄ መሆን ያለበት “የትኛው ስኪ ይበልጣል?” ሳይሆን “የት፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት እጓዛለሁ?” የሚለው ነው።

ስኪ የማያድንበት ቦታ

በአልፕስ ተራሮች በየዓመቱ በአማካይ 100 ያህል ሰዎች በበረዶ ናዳ ሕይወታቸውን ያጣሉ። አብዛኞቹን የሚገድለውን ናዳ የሚቀሰቅሰው ራሱ ተጎጂው ወይም የጉዞ ጓደኛው ነው። ለዚህ ናዳ ይበልጥ የተጋለጠውም ከ30 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ተዳፋት ነው። በናዳ ከተቀበሩት መካከል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የሚወጡት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይተርፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አየር በማጣት ምክንያት የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር እስኪደርስ መጠበቅ ስለማይቻል የሚያድነው ጓደኛ ነው።

በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ተጓዥ የተቀበረን ሰው የሚጠቁም የሬዲዮ ምልክት መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ሊይዝ ይገባል። መያዝ ብቻ ሳይሆን አጠቃቀሙን ደጋግሞ መለማመድና ማለዳ የአካባቢውን የናዳ ማስጠንቀቂያ ማንበብ ያስፈልጋል። ገንዘብ ካጠረ መቀነስ ያለበት ከስኪው እንጂ ከእነዚህ አይደለም።

ስኪን በተመለከተ አዋጪው መንገድ ከመግዛት በፊት መከራየት ነው። በሁለት የተለያየ ስፋት ባላቸው ስኪዎች በአንድ ተራራ ላይ ሁለት ቀን መጓዝ ብዙ ያስተምራል። ሲፈተሽም በመጀመሪያው ዙር ሳይሆን ጉልበት በዛለበት በመጨረሻው ቁልቁለት ላይ መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት ሳይታገል የሚታዘዝለትን ያገኘ ሰው የሚስማማውን ስኪ አግኝቷል።