የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና ለሥነ ልቦና ስብራት

ሀዋሳ፦ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተረባረቡ ነበሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰዎችን ያሳፈረ ተሽከርካሪ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሞተው ይቀበራል፣ ለቅሶው ይደረሳል፤ የተረፈውና አስከሬን ያወጣው ግን ያየውን ይዞ ይኖራል።

እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ ሊያጣ፣ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ሊበረግግ፣ አደጋው የደረሰበትን መንገድ ሊሸሽ ይችላል። ትዝታው እንዳለፈ ነገር አይታወሰውም፤ አሁን እየሆነ ያለ ያህል ይመላለስበታል። ጎረቤት ልክፍት ይለው ይሆናል። ከአንድ ወር በላይ ዘልቆ ኑሮን ሲያውክ ግን በሐኪም ሊታይ የሚገባው ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በምኅጻር ኢኤምዲአር የሚባለው ነው። መሥራቹ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1987 በመናፈሻ ስትንሸራሸር፣ ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ የሚረብሻት ሐሳብ እንደቀለለላት አስተዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሕክምናውን ለአዋቂዎችም ለሕፃናትም ከሚመከሩት ዘዴዎች መካከል አካትቶታል።

አሠራሩ ለሰሚው እንግዳ ነው። ባለሙያው በቅድሚያ የታካሚውን ታሪክ ይረዳል፤ ጭንቀት ሲበረታ ራሱን የሚያረጋጋበትን መንገድም ያስተምረዋል። ቀጥሎ ታካሚው እጅግ የሚከብደውን ምስል በልቡ ይዞ፣ ከፊቱ ግራና ቀኝ የሚንቀሳቀሰውን የባለሙያውን ጣት በዓይኑ ይከተላል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ያርፋል፣ የመጣለትን ይናገራል፣ እንደገና ይጀምራል። የሥቃዩን ክብደት ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይገልጻል፤ ሥራው ቁጥሩ እስኪወርድ ይደጋገማል። አንድ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል። የደረሰበትን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲናገር አለመገደዱ፣ ምሥጢሩን ለባዕድ መግለጥ ለሚከብደው ኅብረተሰብ ትልቅ ጥቅም ነው።

ለምን ይሠራል? አንዱ ማብራሪያ አእምሮ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲይዝ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ደብዝዞም ተመልሶ ይቀመጣል የሚል ነው። የዓይን እንቅስቃሴው ራሱ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ትዝታው አይጠፋም፤ ሰውየው ያስታውሳል፣ ግን አይንቀጠቀጥም።

ሕክምናው በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ብቻ የሚሰጥ ነው። ትዝታን ቀስቅሶ ሰውን ሜዳ ላይ መተው ጉዳቱን ሊያብስ ስለሚችል፣ ከስልክ ቪዲዮ አይቶ በቤት መሞከር አይገባም።

የገጠር ነዋሪ በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መድረስ ይችላል። በሀዋሳ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሊወሰድ ይገባል።