ስለ ዕውቀት መለዋወጫ የስልክ መረብ፤ አባሎቹ ሁሉ ተካፋዮች ስለሚሆኑበት መንገድ

የእርሻ ሥራ በክንድ ብርታት ብቻ አይፈጸምም፤ ዕውቀትም ያስፈልገዋል። ዕውቀት ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ካልተላለፈ በጎተራ ተዘግቶ እንደ ነቀዘ ዘር ነው፤ ለባለቤቱም ለአገሩም አይበጅም። በዘመናችን ይህን ዕውቀት የሚያመላልስ የስልክ መረብ በአገራችን ተዘርግቷል። ነገር ግን መረቡ መዘርጋቱ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡ በመረቡ መካፈሉ ሌላ ነገር ነው። ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፥ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ለያዙ ሁሉ ይጠቅም ዘንድ፥ በድሬዳዋ ገጠር ያለችውን ቢዮ አዋሌን ምሳሌ አድርገን የዚህን ነገር ምክንያትና መድኃኒት ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፥ ዛሬ ኢንስቲትዩት የተባለው፥ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋራ ሆኖ 8028 የሚባለውን የስልክ መስመር ከፈተ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ገበሬው ገንዘብ ሳይከፍል ይደውላል፤ ቋንቋውንና የሚሻውን ሰብል በስልኩ ቊጥሮች ይመርጣል፤ ከዚያም ስለ አዘራር፥ ስለ ማዳበሪያ፥ ስለ አረምና ስለ ተባይ የተቀረጸውን ምክር ይሰማል። ፊደል ያልቈጠረውም በጆሮው ይማራል። ተምች ወይም የበሽታ ምልክት በተነሣ ጊዜም ማስጠንቀቂያ ወደ ተመዘገቡት ስልኮች ይላካል። ከዚህም ሌላ የልማት ሠራተኞችና ባለሙያዎች በቴሌግራም እየተሰበሰቡ የታመመ ሰብል ሥዕል ይለዋወጣሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የተመዘገበውን ሰው ብዛት ቈጥሮ ሥራው ተፈጸመ ማለት ስሕተት ነው። ስሙ በመዝገብ ያለ ሰው ሁሉ አይሰማም፤ የሚሰማውም ሁሉ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀውም ሁሉ መልስ አያገኝም።

በድሬዳዋ ገጠር ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራሉ። በቢዮ አዋሌ ስም መጀመሪያ ያለውን ቃል ብንመለከት፥ «ቢዮ» ለሶማልኛ ተናጋሪ ውሃ ማለት ነው፤ ለኦሮምኛ ተናጋሪ ግን አፈር ማለት ነው። ውሃም አፈርም የገበሬ ሀብት ናቸውና ሁለቱም ትርጓሜ ያማረ ነው። ነገር ግን አንድ ቃል በሁለት ጆሮ ሁለት ነገር ሲሆን ካየን፥ በአማርኛ ብቻ የተነገረ ትእዛዝ እንዴት ሆኖ ይሰማ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

የጉዳቱን ልክ ለማሳየት አቀንጭራን እንውሰድ። በምሥራቅ አገራችን የማሽላ ጠላት ይህ አረም ነው። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ሳይታይ በሥሩ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጠዋል፤ አንዱ ተክል በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቈያል። ስለዚህ ሳያብብ መነቀል አለበት። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዕውቀቱ እንግዲህ አልጠፋም። ነገር ግን ስልኩ ያለው በባልየው ኪስ ነው፤ በማሳ ውስጥ ጐንበስ ብለው ከሚያርሙት መካከል ደግሞ ሴቶችና ልጆች አሉ። «ሳያብብ ንቀሉ» የሚለው ቃል ለባልየው ብቻ ደርሶ ከቀረ፥ አራሚዋ አበባውን አይታ ስትነቅል ጥፋቱ አስቀድሞ ደርሷል።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚህ የከፋ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በደጋው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አስቀድሞ የሚያየው የገጠሩ ሰው ነው፤ ጐርፉ የሚወስደው ግን በታች የተኛውን ነው። ከዚህ የምንማረው፥ መረቡ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚያስተምር ሳይሆን ከገበሬውም ወደ ሹሙ ወሬ የሚያደርስ መሆን እንደሚገባው ነው።

ተካፋይነትን የሚያስቀሩት ምክንያቶች አራት ናቸው። አንደኛው ቋንቋ ነው። ሁለተኛው የስልክና የባትሪ እጦት ነው፤ በሸለቆ ውስጥ ላለውም የስልኩ ሞገድ አይደርሰውም። ሦስተኛው እፍረት ነው፤ ወጣቱ በሽማግሌ ፊት፥ ሴቲቱም በወንዶች ፊት መጠየቅን ትፈራለች። አራተኛው ተስፋ መቍረጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠይቆ መልስ ያላገኘ ሰው ዳግመኛ አይጠይቅም። ከአራቱም ይህ የመጨረሻው በሹሙ ቸልተኝነት የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ነቀፋውም በሹሙ ላይ ነው።

መድኃኒቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

መጀመሪያ፥ ምክሩ በሕዝቡ ቋንቋ ይነገር። ቃሉም ከመላኩ በፊት ለሁለት ለሦስት የአገሩ ገበሬዎች ተነግሮ እንደ ገባቸው ይረጋገጥ።

ሁለተኛ፥ ሕዝቡ ወደ ስልኩ እስኪመጣ አይጠበቅ፤ ስልኩ ሕዝቡ ወዳለበት ይሂድ። ወንዶች በበርጫ ይሰበሰባሉ፤ ሴቶች በአፎሻቸው ይገናኛሉ፤ አትክልታቸውንም ይዘው ወደ ቀፊራ ገበያ ይወርዳሉ። የልማት ሠራተኛው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ በአፎሻው መካከል ቢያሰማ፥ አንዱ ስልክ ለሃያ ሴቶች ይበቃል።

ሦስተኛ፥ ከየመንደሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሕዝቡ ፈቃድ ተመርጠው የጎረቤቶቻቸውን ጥያቄ ይቀበሉ። በጉባኤ ለመናገር የሚያፍር ሰው ለጎረቤቱ ይናገራልና።

አራተኛ፥ ለማናቸውም ጥያቄ የመልስ ቀን ይወሰን። መልሱ ባይገኝ እንኳ «ጥያቄህ ደርሶናል፤ ወደ እገሌ ባለሙያ ተልኳል» ተብሎ ይነገረው።

አምስተኛ፥ የገበሬው ዕውቀት ይከበር። ዘሩን አስቀድሞ ስለ መዝራት ወይም ስለ ጐርፍ መከተር አንድ ገበሬ የሞከረው ነገር ከተሳካ፥ በስሙና በፈቃዱ ለሌሎቹ ይነገር። የራሱን ቃል በመረቡ የሰማ ሰው መረቡን እንደ ራሱ ገንዘብ ይጠብቀዋል።

ሹሙም ሥራውን የሚመረምርበት መዝገብ በአራት ረድፍ ያዘጋጅ፤ በመጀመሪያው የሰሙት፥ በሁለተኛው የጠየቁት፥ በሦስተኛው መልስ ያገኙት፥ በአራተኛው ምክሩን በማሳቸው የፈጸሙት ይጻፉ። በየረድፉም ሴቶችና ወጣቶች ለብቻ ይቈጠሩ። የመጀመሪያው ረድፍ ረዝሞ አራተኛው ካጠረ ጕድለቱ የት እንዳለ መዝገቡ ራሱ ይመሰክራል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው፥ የመረብ ኀይል በክሮቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን በመያያዛቸው ነው። አንዱ ክር ከተበጠሰ ዓሣው የሚያመልጠው በዚያ ነው። ስለዚህ ማናቸውም የአገር አስተዳዳሪ በሚቀጥለው ጉብኝቱ «ስንት ሰው ተመዝግቧል?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፥ በማሳ ውስጥ የምታርመውን ሴት «ስለ አቀንጭራ ምን ሰማሽ? ከማንስ ሰማሽ?» ብሎ ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን። እውነተኛው ቊጥር ከእርስዋ መልስ ይገኛል።