ግቢ ውስጥ የቆመች ላዳን ዳግም ለመንገድ ማብቃት፦ ሥራው ከየት ይጀመራል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ ምክንያት ቀደም ሲል ወደ አገር የገባ አሮጌ መኪና በቀላሉ የሚተካ ንብረት መሆኑ ቀርቷል። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በባቱ፣ ግቢው ውስጥ የቤተሰብ መኪና ያቆመ ሰው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ከማስረከቡ በፊት ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል።

ከእነዚህ መኪኖች መካከል በቤት ውስጥ ለመጠገን ከሚመቹት አንዷ ላዳ ናት። መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ሲሆን፣ በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች ለሸካራ መንገድ እንድትስማማ ቆርቆሮዋን አወፈሩ፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗንም በከበሮ ፍሬን ተኩ። ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባችው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ለረጅም ዓመታት አገልግላለች። ኮምፒውተር የላትም፤ አብዛኛው ክፍሏ በተራ ቁልፍ ይፈታል። አሮጌ መለዋወጫዋንም መርካቶ ሶማሌ ተራ መፈለግ የተለመደ ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን ከቀለም ወይም ከሞተር ይጀምራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ አካሉን፣ ቀጥሎ ፍሬኑን፣ ከዚያ ሞተሩን ማየት፣ ቀለሙን ደግሞ የመጨረሻ ማድረግ ነው። ወለሉና በበሮቹ ሥር ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ ካለቀ፣ በሞተሩ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አቧራው በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ ይጠራቀማል፤ በክረምት ዝናብ ሲርስ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ብረቱን በመዶሻ ቀስ ብሎ እየመቱ መፈተሽ ያስፈልጋል። የተበላው ክፍል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል እንጂ በስቱኮ አይሸፈንም። ስቱኮ ዝገቱን ከዓይን ይሰውረዋል፤ አያቆመውም።

ፍሬን ቀጥሎ የሚመጣው ሕይወት የተንጠለጠለበት ስለሆነ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ከአሰላ ወደ አዳማ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ሲረገጥ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዓመታት የቆመ መኪና ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ የጎማ ቱቦዎቹም በአዲስ ይተካሉ። የድሮ ፍሬን ሸራ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በአየር አይነፋም።

ለዓመታት ያልሠራን ሞተር ባትሪ አስሮ ወዲያው ማስነሳት ጉዳት ያስከትላል። አስቀድሞ ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፤ በየሲሊንደሩ ጥቂት የሞተር ዘይት ይጨመርና ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። አሮጌው ቤንዚን ይወገዳል፣ የሞተሩ ዘይት ይቀየራል፣ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ይታጠባል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ሁለት ነገሮች ለአካባቢው ነዋሪ የተለየ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አዳማ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ዝቅ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚከብድ፣ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዳማ ሲደርስ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ቤንዚን ያንሳል። ይህ ከአዳማ ሙቀት ጋር ሲደመር ሞተሩ እንዲግልና እንዲያንኳኳ ስለሚያደርግ፣ ማስተካከያው መኪናዋ በምትሠራበት ከተማ ይደረጋል። ሁለተኛው ውሃ ነው። በሸለቆው ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ማዕድን ይበዛባቸዋል፤ ሲፈሉ በራዲያተር ውስጥ ቅሪት እየጣሉ መተላለፊያውን ይደፍናሉ። ለራዲያተር የተጣራ ውሃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር መጠቀም ይመረጣል፤ እርሱ ከታጣ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

በቤት የሚሠራ ሰው ሊዘነጋቸው የማይገቡ የደኅንነት ሕጎች አሉ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አይገባም፤ መኪናው በጠንካራ ካቫሌቶ ላይ መቀመጥ አለበት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር አይነሣም፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። ቤንዚን በተከፈተበት ስፍራ ከሰልም ሲጋራም አይቀርብም፣ ብየዳም አይካሄድም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሊብሬው ባለቤትነት ግልጽ መሆኑን ማረጋገጥ ብልህነት ነው። መኪናው በሟች ወላጅ ስም ከሆነ፣ ወራሾች አስቀድመው ተስማምተው ስሙን በሕግ ማዛወር ይኖርባቸዋል። በመጨረሻም ተጠግና ያለቀች መኪና የቴክኒክ ምርመራ አልፋ ቦሎ ሳትለጥፍ መንገድ ላይ አትወጣም። በቀለሟ የምታበራ ላዳ ዓይን ትማርካለች፤ ቤተሰብን በሰላም ወስዳ የምትመልሰው ግን ፍሬኗና አካሏ አስቀድመው የተጠገኑላት ናት።