ወባን በሌሊት ሙቀት የሚከታተለው ሳተላይት

ሳተላይት የወባ ትንኝን አያይም። በየስልጠናው ይህ ጥያቄ ስለሚነሳ አስቀድሜ ልመልሰው ብዬ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ተበላ አካባቢ፣ ዝናቡ ሲያባራ ከብት የረገጠው ጭቃ ሁሉ ውሃ ያቁራል። ጎንበስ ብሎ ላየው፣ በአንዲት ኮቴ ውስጥ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድመው የተኙ እጮች ይታያሉ። የሌሎች ትንኞች እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ የወባዋ ግን ትጋደማለች። ላንድሳት በሚባለው ሳተላይት ምስል ላይ አንዷ ነጥብ በጎን 30 ሜትር ትሸፍናለች። የከብት ኮቴ እዚያ ውስጥ ጨርሶ አይለይም።

ሳተላይቱ የሚለካው ለትንኟና ለተውሳኩ የሚመቸውን ሁኔታ ነው፦ ዝናብን፣ የዕፅዋትን ልምላሜ፣ የመሬትን ሙቀት። ስለ ዝናብና ልምላሜ ብዙ ይወራል፤ የሚዘነጋው ሙቀት ነው፣ በተለይም የሌሊቱ።

ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ካላደገ ወደ ሰው አይተላለፍም። ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱ ይቆማል። አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን 28 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ 25 ሲሆን ግን 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። አብዛኞቹ ትንኞች አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ስለዚህ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ትንኟ ተውሳኩን ሳታስተላልፍ ትሙት ወይስ ታስተላልፍ የሚለውን ይወስናል። የደጋው የዳሞታ ተራራ ሰው ከቆላው ከቢላቴና ከአባያ ዳርቻ ሰው ይልቅ ከንዳድ የተጠበቀው በዚህ ነው፤ የደጋው ሌሊት አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ሌሊቱ መሞቅ ሲጀምር ግን ጥበቃው ይላላል።

እዚህ ላይ የማልታገሰው ስህተት አለ። ሳተላይት የሚለካው የመሬቱን ገጽ ሙቀት ነው፤ ትንኟ የምትኖርበትን አየር ሙቀት አይደለም። በቀትር ባዶ አፈር እንደ ምጣድ ስለሚግል ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ይበልጣል። ሌሊት ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሞዲስ የተባለው መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2002 በመጠቁት ቴራና አኳ ሳተላይቶች ላይ ሆኖ፣ አንዷ ነጥብ በጎን 1 ኪሎ ሜትር በምትሸፍንበት ምስል ቀንም ሌሊትም ይለካል። የሌሊቱ ንባብ እያለ የቀኑን ካርታ ቀይ ቀብቶ «የወባ ቀጠና ይህ ነው» ማለት ስንፍና ነው። ሌላም አለ፦ በክረምት ደመናው የሙቀቱን ንባብ ይጋርዳል። ባዶውን ቦታ «ቀዝቃዛ» ብሎ መሙላት ወረዳውን ያሳስታል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተከትሎ የወባ ወረርሽኝ የኢትዮጵያን ደጋማ አካባቢዎች መታ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የመጀመሪያው የአየር ሁኔታ ሳተላይት ቲሮስ 1 የመጠቀው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር።

ዛሬ የሚሠራበት መንገድ አለ። በአማራ ክልል ኤፒዴሚያ በተባለው ፕሮጀክት፣ የክልሉ ጤና ቢሮና ተመራማሪዎች የ47 ወረዳዎችን ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ከሳተላይት የዝናብና የሙቀት መረጃ ጋር አጣምረው፣ የሚመጣውን ከሳምንታት በፊት ለመተንበይ ሠርተዋል። ዝናቡ ከዘነበ በኋላ ሕመምተኛው ጤና ኬላ እስኪደርስ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ትንበያው የሚጠቅመው በዚያ መሃል ነው። አጎበሩ፣ መድኃኒቱና የመመርመሪያ ኪቱ ቆላው ድረስ መድረስ ያለባቸውም ያኔ ነው።

ይሁንና ትንበያው ግማሹን የሚያገኘው ከሰማይ ሳይሆን ከጤና ኬላው መዝገብ ነው። በሁምቦም ሆነ በኪንዶ ዲዳዬ የምትሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የሳምንቱን ቁጥር፣ ዜሮ ቢሆንም እንኳ፣ በሰዓቱ ላኩ። ያለ እናንተ ቁጥር ሳተላይቱ የሚነግረን ስለ አፈርና ስለ ደመና ብቻ ነው።