ኢንዳይሬክት ኩምስ፦ ሾተላይን ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳ የደም ምርመራ

ነፍሰ ጡር ከሆኑና የደም ዓይነትዎ ኔጌቲቭ ከሆነ (ለምሳሌ ኦ ኔጌቲቭ)፣ ሐኪምዎ ኢንዳይሬክት ኩምስ የሚባል ምርመራ ሊያዝልዎ ይችላል። ምርመራው በተለምዶ ሾተላይ የሚባለው ችግር ፅንሱን ያሰጋው እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል።

ሾተላይ እንዴት ይከሰታል?

የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ አርኤች ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ፣ በውርጃ ወይም በእርግዝና ጊዜ መድማት ሲያጋጥም የፅንሱ ደም ወደ እናት ደም ሊገባ ይችላል። ሰውነቷም ደሙን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ሊያመርትበት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ አይጎዳም። በቀጣይ እርግዝና ግን ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያጠፋል። ይህም የደም ማነስ፣ ከባድ የሰውነት ቢጫ መሆን፣ አልፎም ሞት ሊያስከትል ይችላል። ሾተላይ የእናትየዋ ጥፋት አይደለም።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ከደምዎ የተለየው ፈሳሽ (ሴረም) ከአርኤች ፖዘቲቭ ቀይ የደም ሴሎች ጋር ይቀላቀላል። ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ በሴሎቹ ላይ ይጣበቃል፤ ነገር ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ሴሎቹን እርስ በርስ ማያያዝ አይችልም። ስለዚህ በዓይን የሚታይ ለውጥ አይኖርም።

ሴሎቹ ከታጠቡ በኋላ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል። ይህኛው የሚይዘው ሴሉን ሳይሆን በሴሉ ላይ የተጣበቀውን የመጀመሪያውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እንደ ድልድይ ሆኖ ሴሎቹን ሲያገናኛቸው ተጓጉለው ይታያሉ። ውጤቱም ፖዘቲቭ ይባላል። ዘዴውን በ1945 በእንግሊዝ አገር ሮቢን ኩምስ፣ አርተር ሞራንት እና ሮበርት ሬስ ይፋ አደረጉ። ሁለተኛውን ፀረ እንግዳ አካል ያገኙት የሰው ፕሮቲን ከተወጉ ጥንቸሎች ነበር።

ውጤቱ ምን ማለት ነው?

• ኔጌቲቭ ከሆነ፦ ፀረ እንግዳ አካሉ በደምዎ አልተገኘም። አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ እንዳይመረት ሊከላከል ይችላል። ብዙውን ጊዜ በ28ኛው ሳምንት፣ እንዲሁም የሕፃኑ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።

• ፖዘቲቭ ከሆነ፦ ፅንሱ ተጎድቷል ማለት አይደለም። የፀረ እንግዳ አካሉ ዓይነትና መጠን ይለካል፤ ፅንሱም በአልትራሳውንድ ይከታተላል። አስፈላጊ ከሆነ በማህፀን ውስጥ እያለ ደም ሊሰጠው ይችላል። ሰውነትዎ የአርኤች ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ካመረተ ግን መርፌው አያጠፋውም።

ለሐኪምዎ ምን መንገር አለብዎት?

ከዚህ በፊት ውርጃ፣ የሞተ ወይም ቢጫ የሆነ ልጅ፣ ወይም ደም መውሰድ አጋጥሞዎት ከሆነ ይናገሩ። አንቲ ዲ በቅርቡ ተወግተው ከሆነም ይንገሩ፤ መርፌው ራሱ ውጤቱን ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ደም ከታየዎት ወይም ሆድዎ ላይ ጉዳት ከደረሰ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።